የሐብተ ማርያም አጭሩ ማመልከቻ

ሐብተ ማርያም ማመልከቻ ጸሐፊ ነው። ጎንደር ከተማ ውስጥ፣ ከአንድ ፍርድ ቤት አጥር ማዶ፣ ጠረጴዛና ሦስት ወንበር ብቻ በምትይዝ የቆርቆሮ ክፍል ከባለቤቱ ከዓይናለም ጋር ሲሠራ ሃያ ዓመት አልፎታል። እሱ የባለጉዳዩን ቃል እየሰማ በእጁ ይጽፋል፤ እሷ አጠገቡ ተቀምጣ በኮምፒውተር ትተይባለች። ወረቀቱ ታትሞ እንደወጣ ሐብተ ማርያም መነጽሩን ያስተካክልና ለባለጉዳዩ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነብለታል። ከቀኑ ሥራ ሁሉ ይህችን ሰዓት ይወዳት ነበር። ከገጠር የመጣው ሰው የደረሰበትን በደል በዚያ ባማረ ቋንቋ ሲሰማ ዓይኑ እንባ ያቀራል። "እኔ እኮ እንዲህ መናገር አቅቶኝ ነው" ይላል።

ዝናው ከከተማው አልፎ እስከ ወገራና ዳባት ደርሶ ነበር። የወረዳው ፍርድ ቤት ቅርባቸው ሆኖ ሳለ ማመልከቻ ለማጻፍ ብቻ በአውቶብስ ጎንደር የሚወርዱ ነበሩ። የሱ ወረቀት ይከብዳል ይባል ነበር። የሚከብደው ግን አንዳንድ ጊዜ ያልሆነ ነገር ስለሚጨመርበት ነው። "ሰደበኝ" ያለው ሰው ወረቀቱ ላይ "በሕዝብ ፊት ክብሬን ገፈፈኝ" ይሆናል። "ገፋ አደረገኝ" ያለው "ሕይወቴን ለማጥፋት በማሰብ" ይሆናል። ሐብተ ማርያም ይህን ውሸት ብሎት አያውቅም። ለሱ የጽሕፈት ማጣፈጫ ነበር፤ ሌሎቹም ጸሐፊዎች ያደርጉታል፣ ዳኞቹም ያውቁታል እያለ ነበር የሚኖረው።

ደግሞ የጸሎት ሰው ነው። ወገራ ደጋ ላይ ተወልዶ፣ በልጅነቱ ቄስ ትምህርት ቤት ገብቶ፣ መቶ አምሳውን የዳዊት መዝሙር በግዕዝ በቃሉ ይዟል። ዕድሜው ሃምሳ ስምንት ደርሶ ሳለ አንድም ቀን አስታጉሎ አያውቅም። ማለዳ ከአዘዞ ሚኒባስ ሲሳፈር የዕለቱን ክፍል ይጀምራል፤ ፒያሳ ሲወርድ ጨርሷል። ሚኒባሱ ሲፈጥን እሱም ይፈጥናል፤ መንገድ ሲዘጋ እሱም ረጋ ይላል። አዘዞ ያለን ጎረቤቶቹ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ካየን ሰላምታውን ለማታ እናቆየዋለን።

የነቢያት ጾም በገባ በሁለተኛው ሳምንት ወደ ንስሐ አባቱ ወደ አባ ተክለ ጊዮርጊስ ሄደ። አባ አጭርና ቀጭን ሽማግሌ ናቸው፤ ጨዋታ ይወዳሉ። ሐብተ ማርያም እንደልማዱ ኃጢአቱን በተርታ ተናገረ፤ አባ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙት። ከዚያ ዳዊቱን ስለመድገሙ ጠየቁት። እሱም ደስ እያለው አንድም ቀን አለማቋረጡን ነገራቸው።

"ሸጋ ነው" አሉ አባ። "ዛሬ ዳዊቱ ምን አለህ ታዲያ?"

ሐብተ ማርያም ጥያቄው አልገባውም። ዛሬ ጠዋት ሠላሳ መዝሙር ደግሟል። ከሠላሳው አንዱን እንኳ ምን እንደሚል ለማስታወስ ሲሞክር የመጣለት በአዘዞ መታጠፊያ ላይ ሚኒባሷን ሊገጫት የነበረው የጭነት መኪና ብቻ ነው።

"እኔ እላለሁ እንጂ፣ አባ፣ እሱ ምን ይለኛል?" አለ በመጨረሻ።

አባ ተክለ ጊዮርጊስ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። "ይህን ሁሉ ዓመት አንተ ብቻ ስትናገር ኖረሃል ማለት ነው። እስቲ አንድ ቀን እሱም ይናገር።"

ከዚያ ቀኖናውን ሰጡት። ዳዊቱን እንዳይተው፣ ግን ከዕለቱ ክፍል አንዲት መስመር ብቻ እንዲመርጥ፣ በሚያወራበት በአማርኛ ለራሱ እንዲናገራት፣ እንደ ምሳው ቋጥሮ ሥራ ቦታ ይዟት እንዲሄድ። አመሻሽ ላይ ማዕድ ሳይቆርስ ለዓይናለም ያቺን መስመር በዚያ ቀን የት እንዳገኛት ይንገራት። ሐብተ ማርያም ትርጓሜውን ከሊቃውንት ጠይቄ ላምጣ ወይ ቢላቸው፣ "ትርጓሜ አላልኩህም። የት አገኘሃት ነው ያልኩህ" አሉት።

ቀላል ቀኖና መሰለውና እየተደሰተ ወጣ።

ሰኞ የመረጣት መስመር "ተቈጡ፥ ነገር ግን ኃጢአትን አታድርጉ" የምትለው ነበረች። ረፋድ ላይ ዓይናለም ሦስተኛውን ገጽ እየተየበች ሳለ መብራት ጠፋ። ሥራው አልተቀመጠም ነበር። እንዲህ ሲሆን ሐብተ ማርያም ለሩብ ሰዓት ያህል ይጮኻል፤ ዓይናለም ጣሪያውን እያየች ትጠብቀዋለች። ያን ቀን አፉን ከፈተና መስመሯ ትዝ አለችው፤ መልሶ ዘጋው። ዓይናለም ጣሪያውን እያየች ብትጠብቅ ብትጠብቅ ምንም የለም።

"አመመህ እንዴ?" አለችው ዞር ብላ።

አመሻሽ ላይ ጉዳዩን ሲነግራት እየሳቀች ሽሮው እንዳያርባት ተነሥታ ሄደች። ረቡዕ ደግሞ "በእርጅናዬ ዘመን አትጣለኝ" የምትለዋን መርጦ ሚኒባስ ውስጥ ለራሱ ሲያጉረመርም፣ አንዲት አሮጊት ቅርጫት ይዘው በሩ ላይ ታዩ። ቦታ የለም። ሐብተ ማርያም ሁልጊዜ ዓይኑን ጨፍኖ ስለሚደግም ለሰው ተነሥቶ አያውቅም ነበር። ተነሣ። እስከ ፒያሳ ጎንበስ ብሎ ሄደ፤ ወገቡ ቢታመምም ልቡ እንደ ልጅ ፈነደቀ። ለዓይናለም ሲነግራት ስለ ወገቡም ስለ ልቡም እኩል ነገራት።

በዚህ ዓይነት ሁለት ሳምንት ሄደ። ዓይናለም ዳዊት በቃሏ አታውቅም፤ የምታነበው በአማርኛ ነው፤ አመሻሽ ላይ ግን የሱን መስመር ከመጽሐፉ ፈልጋ ታገኝና ከፊትና ከኋላ ያለውን ታነብለታለች። "ይኼ ከዚህ ቀጥሎ እንዲህ እንደሚል ታውቅ ነበር?" ስትለው፣ በቃሉ የሚያውቀው ሰው እንደ አዲስ ይሰማታል። ሃያ ስምንት ዓመት በትዳር ሲኖሩ ስለ ሥራና ስለ ቤት ኪራይ እንጂ እንዲህ ያለ ወሬ አውርተው አያውቁም። እራታቸው ይቀዘቅዝ ጀመር።

በሦስተኛው ሳምንት ማክሰኞ፣ ሚኒባሷ አየር ማረፊያውን አልፋ ስትወጣ፣ ከንፈሩ "ጐሥዐ ልብየ ቃለ ሠናየ" ላይ ደረሰ። ልቤ መልካም ነገርን አፈለቀ ማለት ነው። ቀጥሎም አንደበቴ እንደ ባለሙያ ጸሐፊ ብርዕ ነው ይላል። ሐብተ ማርያም ፈገግ አለ። ስለሱ ሥራ የተነገረ መሰለው። የዛሬዋ መስመር ይህች ናት ብሎ ቋጠራት። ከሚኒባሱ ሲወርድ አካሄዱ ሳይቀር ተቀይሮ ነበር፤ እንደ ባለሙያ ጸሐፊ ነው የተራመደው።

ክፍሏ በር ላይ አንድ የደጋ ሰው ጋቢውን ተከናንቦ፣ ዱላውን ጉልበቱ መሀል አድርጎ ይጠብቃል። ስሙ ሰውአገኝ ነው። ስልሳ ዓመት ይሆነዋል። ከአምባ ጊዮርጊስ በእግር ሰዓት ተኩል ከምታስኬደው ከኮሶ አምባ ነው የመጣው። ክስ ቀርቦበታል፤ መልስ የሚጽፍለት ሰው ይፈልጋል። ከቦርሳው ውስጥ በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አወጣና ለሐብተ ማርያም ሰጠው።

ሐብተ ማርያም ማንበብ ጀመረ፤ ሁለተኛው መስመር ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ ዓይናለምን አያት። እሷም ከኮምፒውተሯ ላይ አንገቷን አስግጋ ወረቀቱን አይታለች። ሁለቱም አወቁት። ከሁለት ወር በፊት፣ በጥቅምት፣ ክንዱ የሚባል ጎልማሳ ገበሬ መጥቶ ያጻፈው ነው። ክንዱ ያን ጊዜ የነገረው አጭር ነበር፤ በመስከረም ንቡ ከቀፎው ወጥቶ ጎረቤቱ ቀፎ ውስጥ ገባ፣ ጎረቤቴን መልስልኝ ስለው ተቆጣኝ፣ ነው ያለው። "ተቆጣኝ" ለሐብተ ማርያም ቀላል ሆነበት። ወረቀቱ ላይ የሰፈረው "የጦር መሣሪያ አንግቶ በመምጣት እገድልሃለሁ ሲል ዝቶብኛል" የሚል ነው።

ሰውአገኝ ነገሩን ከሥሩ አወራላቸው። ንቡ የገባው እሱ ቤተ ክርስቲያን ሳለ ነው። ባለቤቱ ማን እንደሆነ አውቆ ክንዱን መጥተህ ውሰድ ብሎት ነበር። ክንዱ ግን ሆን ብለህ ቀፎህን ሰም ቀብተህ አባበልከው አለው፤ በዚህ ተነጋገሩ፣ ተቆጣጡ። ይኸው ነው። ሁለቱ የአንድ ጽዋ ማኅበርተኞች ናቸው፤ በየወሩ በሚካኤል አብረው ይቀመጡ ነበር። ከዚያ ክሱ ገባ። መሣሪያ የሚል ቃል ስላለበት ፖሊሶች መጡ፣ ቤቱን ፈተሹ፣ የእህል ጎታውን ሳይቀር ገለበጡ። ምንም አላገኙም። እሱን ግን ሦስት ቀን አሰሩት። ባለቤቱ ውቢት ከዚያ ወዲህ ውኃ ለመቅዳት እንኳ ሰው በሌለበት ሰዓት ነው የምትወጣው። ጽዋውም ተበተነ።

"እኔ ከእርፍና ከዱላ በቀር ይዤ አላውቅም" አለ ሰውአገኝ። "ይኼን ሁሉ ክንዱ ከየት አመጣው? ከልጅነቱ ጀምሮ አውቀዋለሁ። እንዲህ አይናገርም።"

ሐብተ ማርያም ብዕሩን አነሣ፤ አስቀመጠው። መልሱን መጻፍ ይችላል። እንዲያውም ከማንም የተሻለ መልስ ሊጽፍ ይችላል፤ የክሱን ቀዳዳ ሁሉ የሚያውቅ እሱ ነውና። ሰውዬው ተደስቶ ይሄዳል፤ ማንም አያውቅም። ጠዋት ያነሣት መስመር ግን እዚያው ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠች ያህል ነበረች። ልቤ መልካም ነገርን አፈለቀ ነው መጀመሪያ። ብርዑ የሚመጣው በኋላ ነው። እሱ ጠዋት የኋላውን ብቻ ይዞ ነበር የተጓዘው።

"አያ ሰውአገኝ" አለ። ድምፁ የንባብ ድምፅ አልነበረም። "ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ። መሣሪያ የሚለውን ክንዱ አላለኝም። የጨመርኩት እኔ ነኝ።"

ሰውአገኝ ቀና ብሎ አየው። ያልተቆጣ ፊት ነበር። ከዚያ ቀስ ብሎ ጠየቀ፤

"ምነው? ምን አድርጌህ?"

ምንም አላደረግከኝም፣ ወረቀቱ እንዲከብድ ብዬ ነው አለ ሐብተ ማርያም። ከአፉ ሲወጣ ምን ያህል ባዶ እንደሆነ ራሱ ሰማው። ሰውአገኝ ወረቀቱን መልሶ በላስቲክ ጠቀለለ፣ ዱላውን ያዘና ወጣ።

ርቆ ግን አልሄደም። የሚመለስበት አውቶብስ ከሰዓት በኋላ ስለነበር ከአጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ሐብተ ማርያም ሊከተለው ፈልጎ በሩ ላይ ቀረ። ዓይናለም ተነሣች። ወጥታ ከሰውዬው ጎን መሬት ላይ ተቀመጠች።

"እኔም ተይቤዋለሁ" አለችው። "ምን እንደሚል እያነበብኩ ነው የተየብኩት።"

ሰውአገኝ ያኔ ነው ዓይኑ እንባ ያዘለው። ከሦስቱ ቀን እስር ይልቅ ማንም ሰው በድያለሁ አለማለቱ ነው የከበደኝ አላት። ከዚያም በእጁ ወደ ክፍሏ ጠቁሞ፣ የጻፋችሁትን እናንተው አጥፉት አለ።

ሐብተ ማርያም ሃያ ዓመት ሲጽፍ እንዲህ ያለ ወረቀት ጽፎ አያውቅም። ክሱ ለቀረበበት ለወረዳው ፍርድ ቤት የተጻፈ ነው። አራት መስመር ብቻ ነው፦

"ከሳሽ ክንዱ፣ ተከሳሽ ሰውአገኝ መሣሪያ ይዞ ዛተብኝ ብሎ አልነገረኝም።
ያን ቃል ከራሴ የጨመርኩት ማመልከቻውን የጻፍኩት ሐብተ ማርያም ነኝ።
ሰውአገኝ በዚህ ምክንያት ያለ ጥፋቱ ሦስት ቀን ታስሯል።
ፍርድ ቤቱ የሚወስንብኝን እቀበላለሁ።"

ዓይናለም ተይባ ጨርሳ እጆቿን ቁልፎቹ ላይ እንዳደረገች ጠበቀች።

"ሌላስ?" አለች።

"ሌላ የለም።"

ሰውአገኝን ወደ ክፍሏ መልሶ ጠርቶ እንደልማዱ አነበበለት። ሰውአገኝ ራሱን እየነቀነቀ ሰማና፣ ይቺ እንኳ ገባችኝ አለ።

ያን ዕለት አመሻሽ ማዕዱ ሳይቆረስ ሐብተ ማርያም መስመሯን የት እንዳገኛት መናገር አላስፈለገውም። ዓይናለም አርብ አምባ ጊዮርጊስ ወረቀቱን ስታስገባ አብሬህ ልሂድ ብትለው፣ አንዳችን ክፍሏን እንክፈት ብሎ አስቀራት። ፈርቷል፤ ሊከሱት ይችላሉ፣ ፈቃዱን ሊቀሙት ይችላሉ። ግን እንቅልፍ ሲወስደው የገረመው ነገር ቢኖር፣ ከፍርሃቱ ጋር አብሮ የሚተኛ አንድ ደስታ ነበር፤ ለብዙ ጊዜ ጫማው ውስጥ የነበረ ጠጠር የወጣለት ያህል።

አርብ አምባ ጊዮርጊስ ወጥቶ ወረቀቱን አስገባ። የወረዳው ዳኛ ወጣት ሴት ናት። አራቱን መስመር አንብባ መነጽሯን አወለቀችና አስጠራችው። ሰዎች ባሉበት ችሎት ገሠጸችው፤ ስንት ሰው በእናንተ ቃል እንደሚታሰር ታውቃላችሁ ወይ ብላ ጠየቀችው፤ ለስድስት ወር ለዚህ ፍርድ ቤት ማመልከቻ እንዳይጽፍ ከለከለችው። ሐብተ ማርያም ቆሞ ሰማ። ሊወጣ ሲል ግን ጠራችውና፣ ቀጠሮው ሐሙስ ነው፣ ሰዎቹን ታስታርቃቸው እንደሆን እስከዚያ ጊዜ አለህ አለችው።

ቅዳሜ ማለዳ አምባ ጊዮርጊስ ካደረበት ከአንድ ዘመዱ ቤት ተነሥቶ ወደ ኮሶ አምባ መንገድ ጀመረ። ጤዛው ገና አልረገፈም፤ ገብሱ ታጭዶ ክምሩ በየአውድማው ቆሟል። ይህ እሱ ያደገበት አገር ነው፤ ግን በእግሩ ከሄደበት ብዙ ዘመን ሆኖታል። የቅዳሜውን ዳዊት እያለ ሲሄድ "ናሁ ሠናይ ወናሁ አዳም" የምትለው ላይ ደረሰ፤ ወንድሞች በኅብረት ቢቀመጡ እንዴት መልካም፣ እንዴት ያማረ ነው የምትለዋ። ሚኒባስ ውስጥ ቢሆን አልፏት ይሄድ ነበር። አሁን እግሩን እያነሣ ያቺኑ ብቻ ደጋገማት፤ ሌላውን ዳዊት ሳይጨርስ ክንዱ ቤት ደረሰ። በሕይወቱ የዕለቱን ሳይጨርስ የቀረው ያን ቀን ነው።

ክንዱ አውድማ ላይ በሬ እየነዳ ነበር። የጎንደሩን ጸሐፊ እዚያ ሲያየው ደነገጠ። ሐብተ ማርያም ፍርድ ቤት ያስገባውን ነገረው፤ ላንተም ይቅርታ ልጠይቅህ ነው የመጣሁ አለው። ክንዱ መንሹን ክምሩ ላይ ሰካ።

"አንብበህልኛል እኮ" አለ። "መሣሪያ ስትል ሰምቻለሁ። ሕግ እንዲህ ነው የሚናገር መሰለኝና ዝም አልኩ። ፖሊስ ሲመጣም ዝም አልኩ።"

እንግዲህ ጥፋቱ የሁለቱም ነበረ። ክንዱ በሬዎቹን ፈትቶ ፊቱን ታጠበና የደብሩን ቄስ አስጠራ፤ ሦስቱ ተያይዘው ወደ ሰውአገኝ ቤት ወጡ። ያ ሽቅብ መንገድ አጭር ነው፤ ክንዱ ግን ሦስት ጊዜ ቆሞ ጫማውን አስተካከለ።

ዕርቁ ረጅም ሰዓት ፈጀ። ክንዱ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ጠየቀ፤ ሰውአገኝ ድንጋዩን ከትከሻው አወረደለት። ሐብተ ማርያምም ድንጋይ አንሥቶ ሊሸከም ሲል ሰውአገኝ፣ ያንተን በወረቀት አውርደሃል ብሎ ከለከለው። ውቢት ግን ከጓዳ አልወጣችም። ንፍሮውን በሰው ላከች እንጂ ለሐብተ ማርያም አንድ ቃል አልተናገረችም። እሱም አልፈረደባትም፤ ጎታዋ ሲገለበጥ ያየች እሷ ናትና።

የቀረው ንቡ ነው። ሰውአገኝ ዕርቅ ከሆነ ክንዱ ቀፎውን ከነንቡ ዛሬውኑ ይውሰድ ብሎ ድርቅ አለ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ ንቡ ሁሉ ሲገባ፣ የቀፎውን አፍ በጨርቅ ወትፈው ሊያወርዱት ተነሡ። ሐብተ ማርያም አንዱን ጫፍ እኔ እይዛለሁ አለ። ቄሱ ተው ቢሉት እምቢ አለ። ሦስት እርምጃ ሳይሄዱ ጨርቁ ተንሸራተተ። የመጀመሪያዋ ንብ የቀኝ ቅንድቡ ሥር ነደፈችው፤ ሁለተኛዋ ጆሮውን። ቀፎውን እንዳይጥለው ፈራ፤ መሮጥ አይችል፣ እጁን ማንሣት አይችል፤ ባለበት ሆኖ፣

"ዐገቱኒ ከመ ንህብ!" ብሎ ጮኸ።

ቄሱ ሳቅ ይዟቸው አጥሩ ላይ ተደገፉ። ገበሬዎቹ ምን አለ ብለው ሲጠይቋቸው፣ ንብ ማርን እንደሚከብብ ከበቡኝ ይላል ዳዊት፣ ብለው በእንባ ነገሯቸው። መጀመሪያ የሳቀው ሰውአገኝ ነው። ክንዱ ቀፎውን በአንድ እጁ ተቀብሎ መሬት ካስቀመጠ በኋላ የሰውአገኝን ትከሻ ይዞ ሳቀ። ሁለቱ እየተደጋገፉ፣ አንዱ ዝም ሲል ሌላው እየጀመረ፣ ቁመው መተንፈስ እስኪያቅታቸው ሳቁ። ከመስከረም ወዲህ እንዲህ ጎን ለጎን ቆመው አያውቁም። ሲጨርሱ ክንዱ ዓይኑን እየጠረገ፣ ንቡ እዚሁ ይሁን፣ አንተ ጋ ለምዷል፣ ከማሩ ለሚካኤል ጽዋ ብርዝ ታወጣለህ፣ አለ። ቀፎውም ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ያለ ሐብተ ማርያም እርዳታ።

እሱ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ፣ ዓይኑ አብጦ ተደፍኖ፣ አንድ ሰው እርጥብ ጨርቅ ፊቱ ላይ አደረገለት። በሌላው ዓይኑ ሲያይ ውቢት ናት።

"ያምሃል?" አለችው።

"በጣም።"

"ሸጋ ነው" አለች። ከዚያ እሷም ሳቋ አመለጣት፤ ጨርቁን እንደገና ቀዝቃዛ ውኃ ነክራ መለሰችለት።

ሐሙስ ክሱ በዕርቅ ተዘጋ። ሐብተ ማርያም ከኮሶ አምባ ተመልሶ ሰኞ ሥራ ሲገባ ፊቱ ገና እንዳበጠ ነበር፤ ለሚጠይቀው ሁሉ የሆነውን እንዳለ ነገረው፤ ምንም አልጨመረበትም። ባለጉዳዮቹን ግን አሁን መጀመሪያ ሌላ ነገር ይጠይቃል፤ ከሰውዬው ጋር ተነጋግራችኋል ወይ ይላል። አንዳንዶቹ ተናደው ወደ ሌላው ጸሐፊ ሄዱ። ወረቀትህ ድሮ ነው እንጂ አሁን ቀለለ ያሉትም አሉ፤ እሱም እውነታችሁን ነው አላቸው። ያነበበውን ሰምቶ "እኔ እኮ ልክ እንዲህ ነው ያልኩህ" የሚል ሰው ሲያጋጥመው ግን ከድሮው እንባ ይልቅ ይህ ደስ ይለዋል። አባ ተክለ ጊዮርጊስም ቀኖናው አልቋል ወይ ብሎ ሲጠይቃቸው፣ አንተ ልትጨርስ ትፈልጋለህ እንዴ ብለው መልሰው ጠየቁት። አልፈልግም አለ።

ጥር አሥራ ሁለት፣ የሚካኤል ታቦት ከጥምቀት ሲመለስ፣ የኮሶ አምባ ጽዋ ማኅበርተኞች ሐብተ ማርያምንና ዓይናለምን ጠሯቸው። መንገዱ ሰላም ነበር። ዓይናለም በከተማ ተወልዳ ያደገች ናት፤ ደጋውን ከአውቶብስ መስኮት በቀር አይታው አታውቅም። ታቦቱ በሜዳው ሲያልፍ ሴቶቹ እልልታውን ሲያቀልጡት እሷም መቀነቷን አጥብቃ መሀላቸው ገባች። ውቢት እጇን ይዛ ወደ ፊት አወጣቻት። ሐብተ ማርያም ባለቤቱ እስክስታ እንደምትችል አያውቅም ነበር፤ ሰውአገኝና ክንዱ ጎኑ ቆመው እያጨበጨቡ፣ ይህን ሁሉ ዓመት የት ደብቀሃት ነው እያሉ ቀለዱበት። ከጽዋው በኋላ ብርዙ ዞረ፤ ሰውአገኝ ለክንዱ ቀድቶ፣ ክንዱ ለቄሱ፣ ቄሱ ለሐብተ ማርያም አቀበሉ። እስከ ማግሥቱ አስቀሯቸው።

ሲመለሱ አውቶብሱ ሙሉ ነበር። ረዳቱ ከኋላ በተደረደረው የድንች ጆንያ ላይ አስቀመጣቸው። ዓይናለም ነጠላዋ አቧራ ለብሶ፣ እግሯ ደክሞ፣ ፊቷ ግን እየበራ፣ ከሴቶቹ የተማረችውን ዘፈን ታንጎራጉር ነበር። ወደ ጎንደር ሲቃረቡ ድምፁ አነሰ። ሐብተ ማርያም ዞር ብሎ ቢያያት ትከሻው ላይ ተደግፋ ተኝታለች። እንዳትነቃ ብሎ እስከ መናኸሪያው ድረስ ሳይንቀሳቀስ ተጓዘ።